ተቀምጦ የሚራመድ የእንጨት ጫማ

ባለፈው ሳምንት የማዳሜ የሳሎን ፋኖስ መስታወት ተሰበረ። ስባሪውን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝና «በስታ ሂጂ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮቹ ዘንድ መሳዩ አይጠፋም» ብላ ላከችኝ። በስታ ቤይሩት ውስጥ የሟች ሰዎች የቤት ዕቃ የሚሰበሰብበት ሰፈር ነው። ወንበር በወንበር ላይ ተቆልሎ፣ መብራቱ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ፣ የናስ አልጋው የእግረኛ መንገዱን ዘግቶ፣ ሻጮቹ በሚሸጡት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ይውላሉ። ከሱቅ ሱቅ ስዞር በአንዱ መስኮት ውስጥ፣ ከሰማያዊ የጽጌረዳ ውሃ መርጫ አጠገብ፣ ጥንድ የእንጨት ጫማ አየሁ። ከተረከዙና ከጣቱ ሥር ከፍ ያለ የእንጨት እግር አለው፤ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ የዛጎል ቁራጭ በአበባ ቅርጽ ተተክሎበታል፤ ማሰሪያው በብር ክር የተጠለፈ ቆዳ ነው። ቀብቃብ ይሉታል። እግሬ ተሳስሮ ቀረ። «የቴታ ነጅላ ቢሆንስ?» አልኩ። ቢሆን ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር። ገብቼ ልጠይቅ ብዬ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ደግሜ ሄድኩና ደግሜ ተመለስኩ።

እኔ ሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ ሰው ነኝ። ሐርቡ አጠገብ ባለችው መንደራችን ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስማር፣ አስተማሪው ስሜን ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶኝ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀሪ ተብዬ የተጻፍኩ ነኝ። እናቴ በዚህ ጠባዬ አታዝንም ነበር፤ እንዲያውም ለጎረቤት ታወራበት ነበር። «ዘሀራዬ እኮ ስትገባም ስትወጣም አትሰማም» ትላለች። በኛ ዘንድ የጨዋ ልጅ ኮቴዋ አይሰማም። ትልቅ ሰው ወዳለበት ክፍል ስትገቢ በጣትሽ ረግጠሽ ትገቢያለሽ፣ ጥግ ይዘሽ ትቆሚያለሽ፣ ቀና ብለው እስኪያዩሽ ትጠብቂያለሽ። እኔም ይህን ይዤ ነው ቤይሩት፣ አሽራፊዬ ኮረብታ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው አሮጌ ቤት ውስጥ የገባሁት።

ቤቱን አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ሸረሪት ለመጥረግ ሁለት ዱላ መቀጠል ነበረብኝ። የሳሎኑ መስኮት ሦስት ቅስት ያለው ሆኖ፣ ወለሉ ላይ ቀይና ጥቁር አበባ ያለበት ንጣፍ፣ ኮሪደሩ ላይ በጣት የሚሽከረከር ጥቁር ስልክ። የቤቱ ባለቤት ቴታ ነጅላ ይባላሉ፤ ቴታ ማለት አያት ማለት ነው፣ ሠፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። ሰማንያን የተጠጉ፣ አጭር፣ ጸጉራቸውን ጠዋት ጠዋት በሎሚ ውሃ የሚያስተኙ፣ ዓይናቸው ግን ጭጋግ የለበሰ ሴት ነበሩ። ሰው ከበር ሲገባ ጥላ ይታያቸዋል እንጂ ፊት አይታያቸውም። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ትልቅ የመስታወት ቁም ሣጥን ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ከፍተን ዕቃውን አንድ በአንድ እናጸዳለን። እኔ እወለውላለሁ፣ እሳቸው ከእጄ ተቀብለው በጣታቸው እየዳሰሱ ታሪኩን ይናገራሉ።

አረብኛ የተማርኩት ከዚያ ቁም ሣጥን ነው ብል አላጋነንኩም። ዓሣ የተቀረጸበት የመዳብ ጣሳ ነበር፤ ሙሽራ የምትታጠብበት፣ ውሃ ሲሞላ ዓሣው የሚዋኝ የሚመስል። መያዣው ላይ የናስ ዶሮ የቆመበት የከሰል ካውያ ነበር። እሱን ሳይ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል፣ ያ ቢንቲ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ይሄ እኛ ጋ አለ።»

«ቤተ መዘክር ውስጥ?»

«አይ፣ ልብስ ሰፊው ጋ። ትናንትም የተኮሰበት ይመስለኛል።»

ቴታ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲያው የእናንተ ሰፊ ከእኔ ሀብታም ነው፤ የኔ ካውያ ጡረታ ወጥቷል፣ የሱ ገና እንጀራ ያበላል» አሉ። ያን ጊዜ ነው አንቲካ የሚለውን ቃል የተማርኩት፤ አሮጌ ሆኖ ውድ የሆነ ዕቃ ማለት ነው። ወደ አገሬ በደወልኩ ጊዜ እናቴን «ያንን የላምባ ምድጃ እንዳትጥይው፣ እዚህ በመስታወት ውስጥ ነው የሚቀመጠው» ብላት፣ «ልጄን ሥራው ከብዷት አእምሮዋን ነካት እንዴ» ብላ ለአክስቴ ነገረቻት።

ጥፋቱ የመጣው በጨዋነቴ ነው። ቴታ ሳሎን ቆመው በመዳፋቸው የቁም ሣጥኑን መስታወት እየዳበሱ ሳለ የሎሚ ውሃ ይዤ ገባሁ። እንደለመድኩት በጣቴ ረግጬ ሄጄ ከኋላቸው ቆምኩ። ዞር እስኪሉ ጠበቅሁ። ዞር ሲሉ ደግሞ በአፍንጫቸው ፊት ጥቁር ጥላ ተገትሯል። «ያ ዐድራ!»፣ ድንግል ሆይ፣ ብለው ጮኹና ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰነጠቀ። ልጃቸው ማዳም ሙና ከአንጠልያስ እየበረረች መጣች። አንጠልያስ በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን ያለች ከተማ ናት፤ ከባሏ ጋር እዚያ ነው የምትኖረው። ጸጉሯ በጸጉር ቤት የተሠራ ቢጫ፣ ቀበቶዋ ሰፊ፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ፤ የዚያን ጊዜ ሴቶች ሁሉ እንዲያ ነበሩ።

«ይቺ ልጅ ሰው አይደለችም፣ ድመት ናት!» አለች። «ኸላስ፣ ወደ መክተብ እመልሳታለሁ።»

ኸላስ በቃ ማለት ነው፤ መክተብ ደግሞ ከአገራችን የሚያስመጣን ቢሮ ነው። መመለስ ማለት ደግሞ ሌላ ቤት፣ የማላውቀው ቤት፣ ወይም አውሮፕላን ማለት ነው። ወጥ ቤት ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። ቴታ በፋሻ የታሠረ እጃቸውን ይዘው «የኔን ሣጥን ክፈቺ» አሉኝ፤ ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ። ከአልጋቸው ግርጌ ካለው የእንጨት ሣጥን፣ ከደረቀ የላቬንደር ከረጢት ሥር፣ ያንን ቀብቃብ አወጣሁ። «አድርጊው» አሉ።

«ማማ! ይሄ የሲቶ ነው፣ አንቲካ ነው!» አለች ሙና። ሲቶ የምትለው የእናቷን እናት ነው።

«ጫማ ነው። ጫማ ለእግር ነው። ድመት ካልሽ ደግሞ ለድመት ቃጭል ያስሩላታል። ያላ፣ ቢንቲ፣ ተራመጂ።»

ሁለት እርምጃ ሄጄ ግድግዳ ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሳልደገፍ ሄድኩት። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በመጀመሪያ ያ ድምፅ ራሴን አሳፈረኝ፤ መንደሩ ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ቆየሁና ግን ወደድኩት። ለዓይን አፋር ሰው እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ አፌን ሳልከፍት «መጣሁ» ይልልኛል፣ «ወጥ ቤት ነኝ» ይልልኛል። ቴታ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ዛህራ፣ ማሰሮውን ረሳሽው፣ ወደ ሰገነቱ ነው የሄድሽው» ይሉኝ ጀመር። ከበታችን ያለው ጎረቤት፣ አቡ ኤሊ የሚባል ጡረተኛ፣ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት እየመታ «ያ ሲት ነጅላ! ፈረስ ገዛሽ እንዴ?» ብሎ ይጮሃል። ቴታ በመስኮት ብቅ ብለው «አዎ፣ ገብስ ካለህ ላክልን!» ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ደህና አደርሽ፣ ፈረሳችን» ነው ሰላምታው።

የቀብቃቡን ታሪክ የሰማሁት ከሐሙሶች በአንዱ ነው። የቴታ እናት ሰሜን ሊባኖስ፣ ትሪፖሊ ስታገባ ከጥሎሽ ዕቃዋ ጋር ከደማስቆ የመጣላት ነው። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ከዘመዶቿ ጋር ወደ ሕዝብ መታጠቢያው ትሄዳለች፤ ወለሉ ስለሚረጥብ እግሯ እንዳይነካው ከፍ ያለ ጫማ ይሠራላታል፤ በዛጎሉ ብዛት የአባቷ ሀብት ይለካል። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ግን ጫማው ሌላ ሥራ ነበረው። አማቷ ከታች ወለል ተቀምጣ የምራቷን ኮቴ ታዳምጣለች። ቋ ቋ ካለ ልጅቷ ተነስታለች፣ እየሠራች ነው። ዝም ካለ ተኝታለች፣ ወዮላት።

«እናቴ ግን ሞኝ አልነበረችም» አሉ ቴታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አማቲቱ ዛሬም ከታች ያለች ይመስል። «ጠዋት አልጋዋ ላይ እንዳለች ቀብቃቡን በሁለት እጇ ይዛ ወለሉን ትመታዋለች። ቋ ቋ፣ ቋ ቋ። አማቲቱ ከታች ሆና፣ ምራቴ ጎበዝ ናት፣ ስትል፣ ምራቲቱ ከላይ ጡት እያጠባች ትተኛለች። የምትጠባው ማን ነበረች? እኔ!»

እንዲህ ደስ ብሎኝ እየኖርኩ አንድ ነገር ግን ጎደለኝ፤ እሁድ። እጃቸው ከተሰነጠቀ ወዲህ ማዳም ሙና «እናቴ አንድ ሰዓት እንኳ ብቻዋን አትቀርም» ብላ ከቤት መውጣት ከልክላኛለች። ልትመልሰኝ አስባ በቀብቃቡ ምክንያት የተወችኝ ሴት ናትና አልከራከርም። ራሷ ግን የምትመጣው አልፎ አልፎ ነበር፤ ትደውላለች፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። «ልጅቷ የት ናት?» ስትል ቴታ ስልኩን ወደ ኮሪደሩ ይዘረጉታል፤ ቋ ቋ ይሰማታል፤ ኸላስ፣ ትዘጋለች። ከፊታችን ካለው ሕንጻ ፋጡማ የምትባል የደሴ ልጅ ትሠራ ነበር። ልብስ ስታሰጣ ከሰገነት ሰገነት እናወራለን፤ ማለቴ እሷ ታወራለች። አንድ ቀን እንዲህ ስትል ቴታ ከውስጥ ሰሙ፦

«አንቺ ልጅ፣ ወላሂ ዶራን ሳታዪ ልታረጂ ነው! እሁድ ዕለት እኮ አገር ሁሉ እዚያ ነው። የከሚሴ ልጆች ብቻ አንድ መንገድ ይሞላሉ። አንቺ እዚህ አሮጊት ታጥቢያለሽ።»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።»

«አማርኛ መቼ ያውቃሉ! በይ ንገሪያቸው። አፍ የለሽም? ወይስ አፍሽንም አንቲካ ብለው ቆልፈውታል?»

ቴታ አማርኛ አያውቁም፤ ዶራ የሚለውን ግን ያውቃሉ። ስገባ «ምን ትላለች?» አሉኝ። ልብሱን ማጠፍ ጀመርኩ። «ዛህራ፣ እኔ ዓይን የለኝም፣ አንቺ ደግሞ ምላስ ከሌለሽ ይሄ ቤት እንዴት ይኖራል?» አሉ። ያን ጊዜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ የምፈልገውን ነገር በአፌ ተናገርኩ። «እሁድ መውጣት እፈልጋለሁ» አልኩ። ቴታ ትንሽ አሰቡና ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ። «ቀብቃቡን ትተሽልኝ ሂጂ» አሉ።

የመጀመሪያዋን እሁድ መቼ እረሳታለሁ። ቴታን ቁርስ አበላኋቸው፤ ምሳቸውን በሰሐን ከድኜ አጠገባቸው አኖርኩ፤ ወንበራቸውን ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ ስልኩ አስጠጋሁ፤ ሬዲዮናቸው ቅዳሴ ያሰማል፤ ጭናቸው ላይ ሁለቱ ቀብቃቦች። ከፋጡማ ጋር በቫን ወረድን፣ በሰው ሺ ሊራ። የሷ ጂንስ የኋላ ኪሱ ላይ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነበረው፤ ለእኔ ሮዝ ሻሽና የወርቅ ቀለም ያለው ጉትቻ አዋሰችኝ። ዶራ ድልድዩ ሥር ስንደርስ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ትግርኛው እንደ ገበያ ይጮሃል። የሐዋላ ቤቶቹ በር ላይ ሰልፍ፣ ከካሴትና ሲዲ ሻጩ ድምፅ ማጉያ የወሎ ዘፈን፣ በፌስታል የታሰረ በርበሬ፣ የስልክ ካርድ፣ የጸጉር ቅባት። ዛታር በሚሉት ቅመም የተቀባ ትኩስ ቂጣ፣ መናቂሽ፣ ገዝተን ለሁለት ቆርሰን ግድግዳ ተደግፈን በላን። ሰው «ዘሀራ ነሽ? የሐርቡዋ?» እያለ ይስመኛል። እኔ የማወራው ትንሽ ነው፤ ግን ማንም ጥላ ነሽ አላለኝም። አመሻሽ ላይ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ቴታ በወንበራቸው ናቸው።

«ሦስት ጊዜ ደወለች» አሉኝ በኩራት። «ዛሬ በጣም ሥራ በዝቶብሽ ነበር። ኮሪደሩን ሁለቴ ጠረግሽ፣ ከዚያ ሰገነቱን አጠብሽ። ደክሞሻል፣ ተቀመጪ።»

እንዲህ ሆኖ ወራት ሄዱ። እኔ ዶራ መናቂሽ ስበላ፣ አሽራፊዬ ላይ ኮቴዬ ቤት ሲያጸዳ ይውላል። ቴታም ሥራውን ወደዱት፤ እንዲያውም አበዙት። አንድ እሁድ ስመለስ ፊታቸው ጠቁሯል። የግራው ቀብቃብ ተረከዝ ተሰንጥቋል፤ ማሰሪያውም ተቆርጧል። «ምን ሆኖ ነው?» ስላቸው «ስልኩ ሲደወል ደነገጥኩ፣ ቸኩለሽ እየሮጥሽ ነበር» አሉ። ፋጡማ በርጅ ሐሙድ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ሽማግሌ አርመን ጫማ ሰፊ ታውቅ ነበርና ወስዳ ሰጠችልኝ። እሱ የተሰነጠቀውን በምስማር ገጥሞ ከሥሩ የመኪና ጎማ መታበት፤ የተቆረጠውንም ማሰሪያ በዚያው ጎማ ተካው። «ቀኙንስ?» ብትለው «ላልታመመ መድኃኒት አይሰጥም» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮቴዬ ተለወጠ። ቀኙ ቋ ይላል፣ ግራው ዱብ ይላል። ቋ ዱብ፣ ቋ ዱብ።

ማዳም ሙና በስልክ ሰማችው። «ልጅቷ አነከሰች እንዴ?» አለች።

ቴታ ደነገጡ። «ትንሽ» አሉ።

በማግስቱ ማዳም ሙና ቅባት ይዛ መጣች! የምገባበት ጠፋኝ። ቀብቃቡን አድርጌ እያነከስኩ ሄድኩላት፤ ሰው ሲያየኝ መራመድ የሚያቅተኝ እኔ፣ ሆን ብዬ ማንከስ ነበረብኝ። «ቁርጭምጭሚትሽ ነው?» ብላ ጎንበስ ብላ እግሬን ያዘች፤ ያን ያህል ቀረብ ብላኝ አታውቅም። ስትሄድ እስከ በር ሸኘኋት። ደረጃው ጋ ዞር ብላ «ቅድም ያነከስሽው በግራሽ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ዝምታዬ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ያጋለጠን አቡ ኤሊ ነው፤ ክፋት ኖሮት አይደለም። ማዳም ሙና ደረጃ ላይ ስታገኘው ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም «ኧረ ለምጄዋለሁ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ በሌላው ቀን ቤቱን ሁሉ ይዞራል። እሁድ እሁድ ብቻ ፈረሱ አንድ ቦታ ቆሞ ነው የሚራመደው» አላት። እኔ ይህን አላወቅሁም። በቀጣዩ እሁድ ከዶራ ስመለስ ነጯ መኪናዋ ከበሩ ፊት ቆማለች።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ፋጡማ ያዋሰችኝን ጉትቻ አውልቄ በኪሴ ከተትኩ፣ የምፈራው ጉትቻው ይመስል። እሁዴ እንዳለቀ አውቄዋለሁ፤ የፈራሁት መክተቡን ነበር፣ ከሱም ይልቅ ቴታን ማን ያጥባቸዋል የሚለውን። በሩ ገርበብ ብሏል። በልማዴ በጣቴ ረግጬ ገብቼ ኮሪደሩ ጥግ ቆምኩ። ከሳሎን ድምፅ ይሰማል። ቋ ዱብ፣ ቋ ዱብ፣ ቋ ዱብ።

«እንዲህ አይደለም» ይላሉ ቴታ። «ምን ያጣድፍሻል? ልጅቷ እኮ ትሪ ይዛ ነው። ቀስ በይ። ቋ... ዱብ።»

አጮለቅሁ። ማዳም ሙና በዚያ ቢጫ ጸጉሯ፣ በውድ ሱሪዋ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሁለቱን ቀብቃብ በእጆቿ ይዛለች። ዓይኗ ሥር ኩሉ ፈስሷል፤ በሳቅ ይሁን በልቅሶ አላወቅሁም።

«ለስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያታለልሽኝ፣ ማማ?»

«አንቺ እሁድ በደወልሽ ቁጥር። የሲቶሽ አማት ከታች ሆና ታዳምጥ ነበር፤ አንቺ አንጠልያስ ሆነሽ ታዳምጫለሽ። እንደሷ ማዳመጡን ወረስሽ፤ እሷ ግን ቢያንስ እዚሁ ቤት ነበረች።»

ሙና ቀብቃቡን እያገላበጠች ጎማውን አየች። ከዚያ ቀና ስትል ጥጉ ላይ እኔን አየችና «ያ ዐድራ!» ብላ ጮኸች፤ ልክ እንደ እናቷ። ቴታ ወንበራቸው እስኪናወጥ ሳቁ።

«ይቺ ልጅ በስንት ዓመቷ ነው ኮቴ የምታወጣው?» አለች ሙና ደረቷን ይዛ። «ስሚ፣ ዛህራ። እሁድ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ውጪ። እኔ እዚህ እውላለሁ። ስትመለሺ ግን በሩ ላይ ጫማሽን ለውጪ፣ አለበለዚያ አንድ ቀን ሁለታችንንም ትገድይናለሽ።»

ከዚያ ወዲያ እሁድ ሦስታችንም ነበረን። እኔ ዶራ፣ እሷ ከእናቷ ዘንድ። ስመለስ አንዳንዴ ቁም ሣጥኑን ከፍተው የዕቃ ታሪክ ሲጨቃጨቁ አገኛቸዋለሁ። ቴታ ለልጃቸው የሚነግሯት ታሪክ ለእኔ ከነገሩኝ የተለየ ነበር፤ የመዳቡ ጣሳ ለእኔ የአክስታቸው፣ ለእሷ የአያታቸው ነበር። ስጠይቃቸው «ጣሳው አልተቆጣ፣ አንቺን ምን አስቆጣሽ» አሉኝ።

ቴታ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ቤቱ መዘጋት ነበረበት። ማዳም ሙና አንጠልያስ ወሰደቻቸው፤ ለእኔ ደግሞ እዚያው አሽራፊዬ፣ አሁን ያለሁባትን ማዳም አገኘችልኝ፤ እሁድ እንድወጣም አስማማችልኝ። ዕቃውን የሚገዛ ነጋዴ መጣ። ጣሳውን አደነቀ፣ ካውያውን አደነቀ፣ ከቁም ሣጥኑ ሰማያዊውን የጽጌረዳ ውሃ መርጫ ለብርሃን እያነሳ አየ። ቀብቃቡን ሲገለብጥ ግን የእባብ ልጅ እንደያዘ ሰው ጣለው። «ጎማ! ማነው ይህን ያደረገ? ሐራም! የሱልጣን ዘመን ሥራ ላይ የመኪና ጎማ! አሁን ይሄ ለምን ይሆናል?»

«ለመራመድ» አሉ ቴታ።

ሁሉን ጭኖ ሄደ፣ ቀብቃቡን ብቻ ጥሎ። ያ ሽማግሌ አርመን ባይጠግነው ኖሮ አብሮ ሄዶ ነበር።

ከተለያየን በኋላ የመጀመሪያዋ እሁድ ዶራ ላይ ከፋጡማ ጋር ቆሜ ስልኬ ጠራ። የአንጠልያስ ቁጥር ነው። «አሎ» አልኩ። ማንም አልተናገረም። ከዚያ ሰማሁት። ቋ ዱብ፣ ቋ ዱብ፣ ቋ ዱብ። ተዘጋ። «ማነው?» አለች ፋጡማ። «ቴታ ናቸው፣ ቤት እየጠረግሁላቸው ነው» አልኳት፤ አልገባትም። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ይደውሉ ነበር። ኋላ ላይ ንግግር እየጠፋባቸው ሲሄድ እንኳ ያቺን ቋ ዱብ ይመቷት ነበር። ካቻምና ክረምት ግን ስልኬ ዝም አለ። ለቅሶ ደረስኩ፤ እንደ ልማዴ ወጥ ቤት ገብቼ ብርጭቆ ሳጥብ ዋልኩ። ማዳም ሙናን ስለ ቀብቃቡ ልጠይቃት ፈልጌ፣ በሰው ሐዘን መሐል ስለ ጫማ እንዴት ይጠየቃል ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልደውልላት ቀረሁ። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ እያፈርኩ።

እና ያን ቀን በስታ፣ ሦስተኛ ጊዜ ተመልሼ በሩን ገፋሁ። ባለሱቁ ሻዩን ይዞ ከወንበሩ ቀና አለ።

«እሱን ቀብቃብ ላየው እችላለሁ?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ተሰማኝ።

«ማዳምሽ ልትገዛ ነው? ሦስት መቶ ዶላር ንገሪያት። በቀስታ፣ ያ ቢንት፣ መቶ ዓመት ያለፈው ዕቃ ነው።»

ገለበጥኩት። ግራው ጤነኛ ነው። ቀኙም ጤነኛ ነው። ጎማ የለውም፣ ምስማር የለውም። ተንፈስ አልኩ። የእኛ አይደለም። ግን የእኛስ የት አለ? ስልኬን አወጣሁና በቃሌ የማውቀውን የአንጠልያስ ቁጥር ደወልኩ። «አሎ?» አለች ማዳም ሙና፤ ድምጿ አርጅቷል። ምን ብዬ እጀምራለሁ? ስልኩን ወለሉ ላይ አኖርኩና ተንበርክኬ የሰውን ቀብቃብ በሁለት እጄ ይዤ መታሁ። ቋ ቋ፣ ቋ ቋ።

«ምን እያደረግሽ ነው!» አለ ባለሱቁ ከወንበሩ ተነስቶ።

«ጫማ እኮ ነው» አልኩት።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩ። ዝም ብሏል። የዘጋችው መሰለኝ። ቆይቶ ግን ራቅ ብሎ የሚሄድ እርምጃ፣ የመሳቢያ ድምፅ፣ የሚመለስ እርምጃ ሰማሁ።

ቋ።

ቀስ ብላ፣ ትሪ እንደያዘች ልጅ፣

ዱብ።